የማርያም ላም

ጭጋግ ሳይ ዛሬም እንቅልፌ ይመጣል። ሰው መሐል ተቀምጬ እንኳ ቢሆን፣ ከደብረ ማርቆስ በላይ ያለው ሜዳ ነጭ ለብሶ ካየሁት ዓይኔ ክድን ክድን ይላል። ልጆቼ እርጅና ነው ይሉኛል። እርጅና አይደለም። የዚያን ዘመን ንጋት ሁሉ ግማሽ ተኝቼ ስለኖርኩት ነው። ላም የማልበው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ግንባሬን ከጎኗ ላይ ደገፍ አደርግና ሆዷ ውስጥ የሚጉረመረመውን እየሰማሁ አልባለሁ። ወተቱ መጀመሪያ ማለቢያውን ጭርር ጭርር እያለ ይመታል፤ ኋላ አረፋው ሲነሣ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እኔም አላውቅም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። እኔ ሙሽራ ከመባል ገና ሳልወጣ ወልጃለሁ። ባሌ ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ጫካ ገብቷል፤ ካርበኞቹ ጋር የት እንዳለ የሚነግረን አልነበረም። ቤት የቀረነው እኔ፣ አማቴና ሕፃኑ ነን። ላሟን ሰው ካላችኋት አራት እንሆናለን። እኔ እላታለሁ።

ቦቃ ነበር የምንላት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት። ሌላው ሰውነቷ ቀይ ነው። ከአባቴ ቤት ነው የመጣችው። በኛ አገር ልጆች ሲጋቡ ሁለቱም ወገን ለጎጆ መውጫ ከብት ያዋጣል፤ ማጫ ይባላል። የባሌ ወገን በሬ አመጣ፤ የኔ ወገን ቦቃን። ስለዚህ ቦቃ የቤቱ ላም ብትሆንም የኔ ናት። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አማቴ ደግሞ እንዳይረሱት በየሰበቡ አስታውሳቸው ነበር። ያኔ ምላሴ ስለታም ነበር፤ ዛሬም ብዙ አልዶለዶመም።

ጠዋት ጠዋት ጥጃዋን ፈትቼ እለቅላታለሁ። ጠባ ጠባ አድርጎ ወተቷን ሲያስወርዳት፣ ከንፈሩ ላይ አረፋው እንዳለ ጎትቼ ከፊት እግሯ አጠገብ አስረዋለሁ። እሷ እሱን ስትልስ እኔ አልባለሁ። ስትልሰው ዓይኗን ታስለመልማለች። ሁለታችንም በየልጃችን የደከምን እናቶች ነበርን መሰለኝ።

ልጄ አራት ወር ሲሆነው ታመምኩ። ንዳድ ነው አሉ። ስንት ቀን እንደተኛሁ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጣራው ሲዞር ብቻ ነው። ስነሣ ጡቴ ደርቋል። አማቴ ተልባውን አጠጡኝ፣ አጥሚቱን አጠጡኝ፣ ጠበል አመጡልኝ፤ አልመለስ አለ። ከዚያ ወዲያ ልጄን ያኖረችው ቦቃ ናት። ወተቷን ሞቅ አድርጌ ጣቴን እየነከርኩ አጠባዋለሁ። ሌላ የምትታለብ ላም በአካባቢው አልነበረችም። ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ጣሊያን እንዳያገኝባቸው ከብታቸውን ወደ ዓባይ በረሃ ነድተውታል፤ የቀሩት ደግሞ ተወስዶባቸዋል። ቦቃ ካለች ልጄ አለ፤ ቦቃ ከሄደች ልጄ የለም። ነገሩ ይኸው ነበር።

ምሽጉ ሥጋ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሰንጋ ብቻ ይወስዱ ነበር። ሰንጋው ሲያልቅ ወይፈን አሉ። ወይፈኑም ሲያልቅ ጭራ ያለውን ሁሉ መንዳት ጀመሩ። እኛ የምትታለብ ላም አናርድም፤ እነሱ ግን ስለ ወተቷ የሚጨነቁበት ምክንያት አልነበራቸውም።

መስቀል አልፎ ጥቅምት ከገባ በኋላ፣ አደይ አበባው ገና ረግፎ ሳያልቅ፣ አንድ ማለዳ እኛ ደጅ መጡ። ከጭጋጉ የተነሣ መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። ሳሉ የአስተርጓሚው ነበር፤ ቀጭን፣ ከሰሜን የመጣ፣ አማርኛው ከኛ ለየት የሚል ሰው። ከኋላው አንድ ጣሊያንና ጥቂት ወታደሮች አሉ። አንዱ ወታደር የኖራ ባልዲና የጭራ መጥረጊያ ይዟል። የሚወሰደውን ከብት ጎኑ ላይ በኖራ እያሰመረ ያልፋል። እኔ ማለቢያዬን በጉልበቴ መሐል እንደያዝኩ፣ ከማዶ ወገን በቦቃ ጎን ላይ መጥረጊያው ሲሄድ ሰማሁት። ኖራው በሆዷ ሥር ተንጠባጥቦ ወተቱ ውስጥ ገባ። ወተትና ኖራ አንድ ዓይነት ነጭ ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ፈዝዤ ሳይ ትዝ ይለኛል። ጣሊያኑ ጎንበስ ብሎ ታፋዋን ይደባብሳል።

ያኔ አማቴ ከቤት ወጡ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ከጎረቤት እሳት እንኳ ተውሰው የማያውቁ ሴት ናቸው። በጾም ቀን ወተት የነካ ጣታቸውን ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። ውሸት ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። መጥተው በላሟና በጣሊያኑ መሐል ቆሙ።

«ይችን ተዉ!» አሉ። «የማርያም ናት! ለኅዳር ማርያም የተሳልኳት ናት!»

አስተርጓሚው አያቸው። ልጄ ከውስጥ ያለቅስ ነበር። ሰውየው አንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሮ አዳመጠ፤ ከዚያ ለጣሊያኑ በቋንቋቸው አጠር ያለች ነገር ተናገረ። ጣሊያኑ ታፋዋን የሚደባብስበትን እጁን ብድግ አደረገው፤ ወደ ኋላ ሸሸ፤ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ጥለዋት ሄዱ። እመቤታችንን ፈርቶ ነው አልኩ በልቤ። ጣሊያንም ለካ እመቤታችንን ይፈራል ብዬ ተደነቅሁ።

ኖራውን ሳጥብላት እየሳቅሁ ነበር። «እትዬ፣ እንዴት ያለች ውሸት አመጡ እባክዎ!» አልኳቸው።

አማቴ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። አልሳቁም።

«ውሸት አይደለም» አሉ።

«ታዲያ መቼ ተሳሉ?»

«አሁን።»

ውሃው ከእጄ ፈሰሰ። እንደማይቀልዱ አውቃለሁ፤ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ግን ጠየቅኳቸው፤ ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። «የማርያምን ስም ጠርቼ ነው ያስጣልኳት» አሉኝ። «ስሟን ጠርቼ ዋሽቼ ልኑር ነው የምትዪኝ?»

«ላሚቱ የኔ ናት! የሰው ላም ይሳላሉ እንዴ?»

«ያንቺ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ምሽግ ነበር የምታድር።»

«ልጁስ? ልጁ ምን ይጠጣ?»

«ልጁን የሰጠችን እመቤታችን ናት።»

«ያማጥኩት ግን እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ቦቃ ደንግጣ ማለቢያውን ረገጠችው። አማቴም ተነሥተው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ካስፈላጊ ነገር በቀር አልተነጋገርንም።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ ስጠየቅ መናገር ያቅተኛል። ገብሱ ነጣ፤ ጤፉ ተኛ፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ምድሩ ሁሉ ይተነፍሳል። እኔ በእንፋሎቱ መሐል ቁጭ ብዬ አልባለሁ። ቶሎ እንዳያልቅብኝ ቀስ ብዬ አልባለሁ። ልጄን ሆዱ እስኪነፋ አጠጣዋለሁ፤ ለሚመጣው ጊዜ የማጠራቅምለት ይመስል። አንዳንዴ ሳልብ ሕልም አያለሁ። ባሌ ከጭጋጉ ውስጥ ወጥቶ ይመጣል፤ አንድ ነገር ይለኛል፤ ሳልሰማው ወተቱ ይሞላል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳለቅስም ደስ ይለኝ ነበር። ሰው በመከራ ጊዜ ደስ ይለው እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ እኔን ደስ ብሎኛል።

አንድ ማለዳ ግን ልቤ ቆረጠ። የአባቴ ቤት አምበር ከሚባለው አገር ወዲያ ነው። አማቴ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ልጄን አዘልኩ፣ የቦቃን ገመድ ፈታሁ፣ ወጣሁ። ጭጋጉ ከወትሮው የወፈረ ነው። የራሴን እግር እንኳ በቅጡ አላየውም። ላሟን አስቀድሜ፣ ገመዷንና ጅራቷን ይዤ፣ ለስላሳው ሣር ላይ እንዲሁ ሄድኩ። ድምፅ የለም። መንገዱ ወደ ታች ወረደ፣ ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል። እየሄድኩ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አልቀረም። የአባቴ አጥር ጥቁር ብሎ ከፊቴ ሲመጣ «ተመስገን» አልኩ። ቀርቤ ሳየው የራሳችን አጥር ነው። አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

ጥጃዋን ረስቼው ነበር። እሱን ቤት ታስሮ ትቼ እናቱን ይዤ ልሰደድ። ከብት መሐል ያደግሁ ሴት ሆኜ! ቦቃ ጥቂት ሄዳ በጭጋጉ ውስጥ ዞራ፣ ሳትቸኩል፣ እኔን እየጎተተች ወደ ልጇ መልሳኛለች።  አማቴ ገመዱን ከእጄ ተቀብለው አሰሯት። «ብርድ አይምታው፣ ልጁን አስገቢው» አሉ፤ በዚያ ወር ከነገሩኝ ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነው።

የኅዳር ማርያም ዕለት ላሟንና ጥጃዋን ይዘን ሄድን። የነቢያት ጾም ስለገባ አትታረድም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ከብት ጋር ትደባለቃለች፤ የቤተ ክርስቲያኑም ከብት ገበዙ ግቢ ነው የሚያድር። ገበዙ ስለቱን የሚቀበሉ፣ ንብረቱን የሚጠብቁ ሽማግሌ ካህን ናቸው። እንደ ልማዱ በሕዝቡ ፊት ገመዱን ከመያዛቸው በፊት አማቴን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ልጁን አዩ።

«ይህች ላም የሙሽራዪቱ ማጫ ናት ሲባል እሰማለሁ» አሉ። «ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ስለት አልቀበልም። ላሚቱ የማን ናት ልጄ?»

ለዚህ ነው ወሩን ሙሉ የጸለይኩት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ቀና ስል ከአጥሩ ውጪ፣ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ የቆመ ሰው አየሁ። ሳል ያዘው። አስተርጓሚው ነው። ሊያጣራ መጥቷል አልኩ። የኔ ናት ካልኩ አማቴ ጣሊያንን ዋሽተዋል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ባሏ ጫካ የገባባት ሴት እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘባት ምን እንደሚደረግባት ሁላችንም አይተናል። ቤቱ ሲቃጠል ታየኝ። አማቴን አየኋቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ እኔ የፈለግሁትን እንድል ትተውኝ ቆመዋል። አልለመኑኝም።

«የማርያም ናት» አልኩ።

እልል ተባለ። ገመዱ ከእጄ ሲወጣ እጄ ቀዘቀዘ።

ስንመለስ አማቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ልጁ ርቦት ያለቅሳል። ከኋላችን ሰው እየሮጠ መጣ፤ ሳሉ ቀደመው። ደርሶ ነጠላውን ከፊቱ ገለጠ።

«እማማ፣ ይቁሙልኝ» አለ። «እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ መቼ አሰብኩ! እኔ ያን ለት የማርያም ናት ብዬ አልነገርኩትም። ጣሊያኑ ለማርያም ላም ምን ገዶት? የሳንባ በሽታ አለባት፣ ሥጋዋን የበላ ይታመማል ነው ያልኩት። ላሚቱ ነፃ ናት፤ ይመለሱና ይውሰዷት። ይህ ልጅ እየጮኸ...»

እኔ ሰምቼው ሳልጨርስ ዞሬያለሁ። «እንመለስ!» አልኩ። «ሰሙ አይደል? ስለቱ አልሠራም! ያዳናት ይህ ሰው ነው፣ ማርያም አይደለችም!»

አማቴ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። ምንም አልደነገጡም።

«ታዲያ አንተን ያናገረህ ማን ሆነና?» አሉት።

 ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው። አማቴም መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መመለስ እችል ነበር፤ ገመዱን መጠየቅ እችል ነበር። ግን ሕዝብ ፊት በአፌ ሰጥቻለሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ኋላ ደርሼባቸው «ልጄን ገደሉት» አልኳቸው። ይህን ብያቸዋለሁ። 

ያን ቀን የገብስ አጥሚት አቅጥነን ሰጠነው፤ ተፋው። ስኳር ከየት ይመጣል፣ ማር ነክተን ሰጠነው፤ ማሩን ልሶ አጥሚቱን ተፋው። በማግሥቱ ሲነጋ ማልቀሱን ትቶ ማቃሰት ጀመረ። እኔ ከእሱ ጋር ወለሉ ላይ ተኝቼ፣ ጣሪያው እንደገና ሲዞር አያለሁ።

አማቴ ተነሡ። ነጩን ኩታቸውን አውልቀው አሮጌውን ለበሱ። ማለቢያውን አነሡ። ልጁን ከእቅፌ ወስደው አዘሉት። ወጡ። ተከተልኳቸው፤ ልጄን የት ሊወስዱብኝ ነው ብዬ። ጭጋጉ ውስጥ ጀርባቸው አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይታያል። ገበዙ ደጅ ሲደርሱ ገባኝ። ገባኝና ከቅንጭቡ አጥር ጀርባ ተደበቅሁ። አፈርኩባቸው። እሳቸው የባለ ርስት ሚስት፣ የሰው እጅ አይተው የማያውቁ ሴት ሆነው፣ እኔም የአባቴ ልጅ ሆኜ፣ ሰው ከእሳቸው ጋር ቆሜ እንዳያየኝ ተደበቅሁ።

እንደ እንግዳ አልገቡም። የቆሎ ተማሪ እንደሚያደርገው ከደጅ ቆሙ። ውሻው ጮኸባቸው። ድምፃቸው መጀመሪያ አልወጣ አለ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«በእንተ ስማ ለማርያም!» አሉ።

ገበዙ ተማሪ መስሏቸው ቆሎ በመዳፋቸው ይዘው ወጡ። ሲያዩአቸው ቆሎው ከእጃቸው ፈሰሰ።

«ምነው? ምነው በደጅ? ይግቡ እንጂ!»

«አልገባም። ስለ ስሟ ብለው ለዚህ ሕፃን ወተት ይስጡኝ።»

 ገበዙ «ላሚቱን ይውሰዷት» አሉ። «ይንዷት ወደ ቤትዎ፤ እኔ እመልስልዎታለሁ።»

«ላም አልለመንኩም» አሉ አማቴ። «ወተት ነው የለመንኩት።» ማለቢያውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

ጾም ስለሆነ ከቤቱ ወተት የሚቀምስ አልነበረም። ገበዙ ራሳቸው ገብተው፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ወተት አምጥተው ሞሉላቸው። አማቴ እዚያው ደጅ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡና ልጁን አውርደው ጣታቸውን ነከሩ። በነቢያት ጾም፣ ጣታቸውን ወተት ውስጥ። ልጄ ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ቅንጭቡ ድረስ ተሰማኝ።

ሲመለሱ በአጠገቤ አለፉ። እንዳዩኝ አውቃለሁ። «ቅደሚና እሳቱን አያይዢ» ብቻ አሉኝ፣ ገና ከቤት የመጣሁ አስመስለው።

በማግሥቱም ሄዱ። በማግሥቱም ከቅንጭቡ ጀርባ ቆምኩ። ልሂድልዎ ስላቸው «የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የምለምነውም እኔ ነኝ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ውርጭ ወርዶ ነበር፤ እግራቸውን ሲያነሡና ሲጥሉ፣ ልጄን ብርድ እንዳይነካው ኩታቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ሲያለብሱት አየሁ። ያኔ ወጣሁ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሲጀምሩ፣ ድምፄን ከድምፃቸው ጋር አወጣሁ።